የድንኳኑ መብራት

አስፋልቱ ሚዛን ተፈሪ በገባበት ዓመት፣ አዲሶቹ የመንገድ መብራት ምሰሶዎች ቆመው አሮጌዎቹ በሚነሡበት ሰሞን፣ መስመር ሠራተኛው ጴጥሮስ ከአንድ አሮጌ ምሰሶ ሥር ሞቶ ተገኘ። «ተገኘ» ማለትም አይመችም፤ ሲወድቅ ጩኸቱን ያልሰማ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። ምሰሶው ብረት፣ መሬቱ በዝናብ የራሰ፣ ጓንቱም የተቀደደ ነበር። ግራ ያጋባው ሌላ ነው። የሰፈሩ መብራት ለምሰሶው ሥራ ሲባል ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። በሌለ መብራት ሰው እንዴት ይሞታል?

ሰፈሩ መልስ ለማግኘት ብዙም አልደከመም። የመንገድ መብራቱ ማብሪያ ሳጥን ቁልፍ ያለው የጴጥሮስ የሥራ ጓደኛ ተረፈ ዘንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ተረፈ በስህተት አብርቶ፣ ደንግጦ መልሶ አጥፍቷል ተባለ። ታሰረም። የተረፈ ሚስት ምሕረት ለጴጥሮስ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አግዳሚው ላይ ጠጋ ያለላት አልተገኘም። ቆማ አልቅሳ ሄደች። ሲያወሩት እንኳ ያሳፍራል።

ጉዳዩ የተሰጣት ኢንስፔክተር ወለላ፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ተረፈ ነው።

«ሳጥኑን አጥፍተኸው ነበር?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ተረፈ መዳፉን ገልብጦ አየው። «መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አንተ ነህ ሲለኝ ግን... አሁን እጄን አላምነውም፣ ኢንስፔክተር። ያበራሁት ይመስለኛል። ብፈታም እንኳ ሁለተኛ መብራት የምነካ አይመስለኝም።»

ወለላ ከዚያ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሰው ያልሠራውን ጥፋት ሲለማመደው ማየት ያማል።

የመንገድ ሥራውን ፎርማን አስረስን ማሽኖቹ መሀል ቆሞ አገኘችው።

«ከጴጥሮስ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ጠብ እንኳ አይደለም። ደህና ጓንት እስኪመጣልኝ ልጠብቅ አለኝ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ፣ ለጠፋ መብራት ጓንት ምን ያደርጋል አልኩት።» አስረስ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ያቺ ቃል እስካሁን ታቃጥለኛለች።»

ወለላ ወደ መንገዱ መዞሪያ ራመድ አለች። እዚያ፣ ቦይ ውስጥ የወደቀ የመንገድ መብራት ሽቦ ጫፍ አይታ ነበር።

«ይህን ሽቦ ማን ቆረጠው?»

አስረስ ወደ ማሽኖቹ ዞረ።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። ጠዋት ነው፣ ቆፋሪው ኤክስካቫተር እንዲያልፍ። መብራት ኃይልን ሳላስፈቅድ ስለሆነ ነው ያልተናገርኩት። የቆረጠውም ራሱ ጴጥሮስ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ መልሶ የቀጠለው አለ?»

«የሚነሣ ሽቦ ማን ይቀጥላል?»

ወለላ ወደ ታች አየች፤ የተረፈ ሳጥን ከገበያው አጠገብ ነው። ወደ ላይ አየች፤ ጴጥሮስ የሞተበት ምሰሶ ዳገቱ ላይ ነው። የተቆረጠው ቦታ በሁለቱ መሀል ነበር።

ከምሰሶው ፊት ለፊት የምትኖረው በየነች ባሏን የቀበረች ገና በዚያው ሰሞን ነው። ጴጥሮስ ሲሞት የዕድሩ ድንኳን በእሷ ግቢ ተተክሎ ነበር።

«እትዬ በየነች፣ ጩኸቱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«ድንኳኑ ውስጥ ነዋ፣ ከለቀስተኛው ጋር። ዝናቡ ከብዶ ቀኑ ጨልሞብን ነበር። ጩኸቱን ስንሰማ መብራቱም ድርግም አለና...» በየነች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የቱ መብራት?»

«ፋኖሱ።»

«ፋኖስ ድርግም ይላል?»

«ነፋስ ነበር፣ ልጄ። ነፋስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ወለላ ሐዘንተኛ ማስጨነቅ አልወደደችም። ድንኳኑ ወደነበረበት ጓሮ ዞረች። እዚያ ካሉት የኮባ ቅጠሎች አንዱ በአንድ ወገኑ ብቻ ጠውልጎ፣ ጥላሸት ለብሷል። ከሥሩ አመድም ፍምም የለም፤ ጭቃው ላይ ግን የአራት ብረት እግሮች ምልክት ተቀምጧል።

የዕድሩ ዳኛ አባቦራ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጅማ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሲያስታርቁ የኖሩ፣ የዕድሩ ዕቃም በእጃቸው ያለ ሰው። ወለላ ሱቃቸው ገብታ ሳሙና ጠየቀች። ጥግ ላይ ጆንያ የለበሰ ጄነሬተር ቆሟል።

«ይሠራል፣ አባቦራ?»

«ከተበላሸ ቆየ፣ ልጄ። አልተነካም።»

የጄነሬተሩ እግሮች ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። የሱቁ ወለል ሲሚንቶ ነው። አባቦራ የጠቀለሉትን ሳሙና ፈትተው እንደገና ጠቀለሉት።

ጴጥሮስ ከጌጫ ከተማ የመጣ ነበር፤ ሚዛን ውስጥ ዘመድም ዕድርም አልነበረውም። ሰፈሩ አዝኖለት የራሱን ድንኳን ከበየነች ግቢ ነቅሎ እዚያው ዳገቱ ላይ ለእሱ ተከለለት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ለእሱም እንባ አልገደደም። ወለላ ሰዉን የሰበሰበችው በዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አስረስ፣ በየነች፣ አባቦራና የሰፈሩ ሰው ተቀምጠዋል። ተረፈ ከአንድ ፖሊስ ጋር፣ ምሕረትም አጠገቡ፣ በር ላይ ቆመዋል።

«ተረፈ ሳጥኑን ቢያበራም ባያበራም ጴጥሮስን ሊገድለው አይችልም» አለች ወለላ። «ሽቦው በዚያ ቀን ጠዋት መዞሪያው ላይ ተቆርጧል። ከሳጥኑ የሚነሣ መብራት ዳገቱ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ጴጥሮስን የያዘው መብራት የመጣው ከዚሁ ከሰፈሩ ነው።»

ተረፈ ቀና አለ።

«ለቅሶ ሲኖር ለድንኳን መብራት ከመንገዱ መስመር ይጠለፋል። ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ የሞቱ ጊዜም እንዲሁ ነው የተደረገልን፤ ሌብነት ያለው የለም። የሽቦው ጫፍ ተቆልምሞ በቀርከሃ ወደ ላይ እየተገፋ የመንገዱ ሽቦ ላይ ይንጠለጠላል። ለእትዬ በየነች የጠለፈው ማነው?»

«ጴጥሮስ» አለች በየነች ድምፅዋ እየሰለለ። «ሐዘንተኛ በጨለማ አይቀመጥም ብሎ።»

«በዚያ ቀን ግን መብራት የለም፣ ዝናቡም አጨለመ። አንድ ሰው አዝኖ ጄነሬተር አመጣ፤ ኮባው ሥር አስነሥቶ ከድንኳኑ ሽቦ ጋር አገናኘው። ሌላው ጫፍ የመንገዱ ሽቦ ላይ እንደተንጠለጠለ መሆኑን ልብ አላለም። ሙት የነበረው የመንገድ ሽቦ በዚያ በኩል ነፍስ ዘራ። የአሮጌዎቹ ምሰሶዎች አምፖሎች በዚያ ቀን ጠዋት ስለወረዱ በርቶ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። የጄነሬተሩን ድምፅ የመንገዱ ማሽን ዋጠው። ጴጥሮስ የራሱን ጠለፋ ያውቃል፤ ጄነሬተሩን ግን አላወቀም።»

ወለላ የዕድሩን ዕቃ ጆንያ አስመጥታ የተጠቀለለ ሽቦ አወጣች። የተቆለመመው ጫፉ ጠቁሯል።

«ይህ ባለበት ቢቀር ኖሮ የመጀመሪያው ፖሊስ ያየው ነበር። ማን አወረደው?»

አባቦራ ተነሡ።

«እኔ ነኝ። ጄነሬተሩም የኔ ነው። የገደልኩት ሳላውቅ ነው፤ የደበቅኩት ግን አውቄ ነው።»

«ለምን፣ አባቦራ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስመክር ኖሬ፣ እንግዲህ ፊቴን ማን ያየዋል ብዬ ነዋ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታው ይህ ልጅ ታሰረ፤ ከዚያማ መናገሩ ባሰብኝ።»

«እሳቸውን ብቻ አትዩ» አለች ወለላ። «መብራቱ ድርግም ሲል እትዬ በየነች ግቢ የነበራችሁት ሁሉ አይታችኋል። ሽቦው ሲወርድም አይታችኋል። ከዚያ ይህችን ሴት መቀመጫ ነፈጋችኋት።»

ሰዉ ከአግዳሚው ተነሣ። ቦታ ያልለቀቀላት አልነበረም። ምሕረት ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ያን ቀን አንዳችሁ ጠጋ ብትሉልኝ ይበቃኝ ነበር» አለች።

ተረፈ ሲታሰር የተወሰደበትን የማብሪያ ሳጥን ቁልፍ ወለላ ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። «የአዲሶቹ መብራቶች ሙከራ ዛሬ ነው። መስመራቸው ከመሬት በታች ነው፤ የሚጠልፈው የለም። ሌላ ሰው ልላክ?»

ተረፈ እጁን አየ። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎ ከምሕረት ጋር ዳገቱን ወረደ።

ድንኳኑ ውስጥ እየጨለመ ሄደ፤ መብራት እናብራ ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም በር በሩን ያያል። ድንገት አዲሶቹ ምሰሶዎች ከገበያው ጀምሮ እስከ ዳገቱ ድረስ በሩና ነጭ ብርሃን በድንኳኑ በር ገባ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። አስረስ ለብርሃኑ ጀርባውን ሰጠ። ፊታቸውን ያልሸፈኑት አባቦራ ብቻ ነበሩ።