ለቤት ከሆነማ ይበቃል

«አሁን እዩት!» አለ ሃይሰም፣ ላፕቶፑን ወደ አባቱ እያዞረ። «አንድ የድልድይ ንድፍ ነው የከፈትኩበት። አንድ ድልድይ ብቻ!»

ስክሪኑ ላይ ግማሽ ድልድይ ወጥቶ ቀርቷል። አንዲት ትንሽ ክብ መሐሉ ላይ ትሽከረከራለች። የዓርብ ምሳ ገና መበላቱ ነው፤ የዓሣው አጥንት ከጠረጴዛው አልተነሳም። አጎት ሰብሪ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

«እንዴ ኢንጂነር! መኪናው መሐል ሲደርስ ዓባይ ውስጥ ይግባ?»

ሁሉም ሳቁ። እናቱ ኢልሃም እንኳ አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ያልሳቀችው እህቱ ባሰንት ብቻ ናት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«ማነው እዚህ ቤት ድልድይ የሚሠራው?» አለች።

«እኔ ነኛ!»

«አንተ የራስህ አለህ። ይሄ የቤት ነው።»

«የኔ አርጅቷል። ይሄ ደግሞ ሲወለድ ያረጀ ነው» አለ ሃይሰም። አጎት ሰብሪ እንደገና ሳቀ።

ሃይሰም የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዘመድ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ባሰንት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ የማጠናቀቂያ ፈተና ትወስዳለች። እሷን ማንም ምንም ብሎ አይጠራትም። አባቷን እንኳ በሚኖሩባት መንሱራ ከተማ ውስጥ «የሃይሰም አባት» እንጂ «የባሰንት አባት» ያለው ሰው የለም።

ላፕቶፑን የመረጠችው ግን እሷ ናት። ሁለት ወር ሙሉ በአባቷ የተሰነጠቀ ስልክ ስታነብና ስታወዳድር ከርማ፣ ቀላልና ርካሽ፣ ባትሪው ረጅም ሰዓት የሚቆይ አንድ ላፕቶፕ አገኘች። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከአባቷ ጋር ሱቁ ሄዱ። ሻጩ እሷን ቀና ብሎም አላያትም።

«ለምን ሥራ ነው፣ ሐጂ?»

«ለቤት። ልጅቷ ትማርበታለች፣ እናትየዋም...»

«አሃ፣ ለቤት ከሆነማ ይበቃል! ሴቶቹ ምን ይሠሩበታል ብለህ ነው?»

ባሰንት ያን ቀን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው፤ የፈለገችው ዕቃ በእጇ ሊገባ ነበርና። ዛሬ ግን የሻጩ ቃል ከወንድሟ አፍ እንደገና የወጣ መሰላት። የቤት ሥራ ሥራ አይደለም? የሚቆጠረው ድልድይ ብቻ ነው?

«ደረሰኙ ላይ እስከ አሥራ አራት ቀን መመለስ ይቻላል ይላል» አለ ሃይሰም ወደ አባቱ ዞሮ። «አምስት ቀን ይቀረናል። እንመልሰውና ትንሽ ጨምረን አንድ ደህና ማሽን እንግዛ። የሁላችንም ይሆናል።»

«የሁላችንም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባሰንት ታውቃለች። ስድስት ቀን ሃይሰም ቦርሳ ውስጥ ይውላል። በሰባተኛው ቀን ሃይሰም ከነላፕቶፑ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እሷ ወደተሰነጠቀው ስልክ ትመለሳለች፤ አልጀብራውን ስንጥቁ እየከፈለው ታነባለች።

«ኧረ ባክህ! ሰው አህያ ገዝቶ ለምን አልበረረችም ይላል?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ተረጋጊ» አለ አባቷ።

ሐጂ ፈውዚ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የጭቅጭቅ ሰው አይደለም። የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቱ ጫፍ እየሰበሰበ ትንሽ አሰበ።

«እኔ ቆጣሪውን ሳላይ ቁጥር ጽፌ አላውቅም» አለ። «ሰዉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹ይህን ያህል አልጠጣንም› እያለ ይጮህብኛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። እንዲያውም ባሰንት፣ አንቺ መዝግቢ። ይህ ቤት በዚህ ዕቃ ምን እንደሚሠራና ዕቃው ምን እንደሚያቅተው እስከ ረቡዕ ጻፊ። አንብቤ እወስናለሁ።»

«እሷ? ዳኛዋም ጠበቃዋም ራሷ ልትሆን?» አለ ሃይሰም።

«እሷ» አለ አባቷ።

ባሰንት ያን ዕለት ከአሮጌ ደብተሯ ባዶ ገጾች መርጣ መጻፍ ጀመረች። በንዴት ስለምትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው ይደርስ ነበር። ቅዳሜ፦ የሒሳብ ትምህርት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሠርቷል። አባባ የጡረታ ቅጹን ሞላ፣ ሠርቷል። እሑድ፦ እማዬ ለጎረቤታችን የራሽን ካርድ ማመልከቻ በአንድ ጣት ጻፈች። ፊደሎቹን እስክታገኝ አርባ ደቂቃ ፈጀባት፤ እሱ ግን የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም። ማታ የዛማሌክ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ሠርቷል፤ ዛማሌክ ተሸነፈ፤ እሱም የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ እናቷ ላፕቶፑን ተሸፍኖ የመጣበት ላስቲክ ሳይወልቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ተጠጥቶባቸው ከማያውቁት የሠርግ ብርጭቆዎች አጠገብ፣ ቡፌው ውስጥ ከትታ ትቆልፍበታለች።

«እማዬ፣ ቢያንስ ላስቲኩን እንላጠው። እያፈነው ነው።»

«ሊቧጨር ነዋ!»

«የቴሌቪዥኑ ሪሞት ስድስት ዓመት በላስቲክ ተጠቅልሎ ኖረ። ምን ተጠቀምን?»

«አልተቧጨረም» አለች ኢልሃም በኩራት።

ሃይሰም በመጣ ቁጥር ደብተሯ ላይ ያፈጣል።

«እህስ፣ ሱፐር ኮምፒውተርሽ እንዴት ዋለ? ጨረቃ ደረሰ?»

«ሙድ አትያዝብኝ። ረቡዕ ታነበዋለህ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢልሃም ኩዌት ካለችው እህቷ ከሱዓድ ጋር የምታወራበት ሰዓት ነው። ሱዓድ ልቧን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። እህቷን በትልቅ ስክሪን ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ ኢልሃም እንግዳ ቤቷ የሚገባ ይመስል አዲሱን ሻርፗን አሰረች።

ባሰንት የትምህርት ቪዲዮዎች እያወረደች ነበር። ሌሎች አሥራ አንድ ገጾችም ከፍታለች። መዝጋት ነበረባት። እንደሚከብደው ታውቃለች፤ ላፕቶፑ ከጠዋት ጀምሮ እየተንቀራፈፈ ነበር። ግን ገጾቹን ፈልጋ ያገኘቻቸው በስንት ድካም ነው! ጥሪውን ከላይ ከፍታ ለእናቷ ሰጠቻት።

ሃያ ደቂቃ ደህና ሄደ። ሳቁ፣ ተላቀሱ። ከዚያ ሱዓድ ስፌቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለማሳየት እጇን ወደ ደረቷ ስታነሳ ፊቷ አፏ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ። ድምፅዋ እንደ ቆርቆሮ ተፋጨና ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ሱዓድ?» አለች ኢልሃም። ስክሪኑን በመዳፏ ዳበሰችው። «ሱዓድዬ! ምን ሆነች? ምን ሆነችብኝ?»

«ምንም አልሆነችም፣ እማዬ። ቆይ።»

ላፕቶፑ እንደገና እስኪነሳ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። መልሰው ሲደውሉ ሱዓድ አላነሳችም።

«ኢንተርኔቱ ነው አይደል?» አለች ኢልሃም ዓይኗን እየጠረገች።

የሃይሰም ሳቅ በባሰንት ጆሮ መጣ። አጎት ሰብሪም፣ ያ ሻጭም አብረው ሲስቁ ታዩዋት።

«አዎ» አለች። «ኢንተርኔቱ ነው።»

ማታ ደብተሯ ላይ «ሰኞ፦ ከአክስቴ ጋር ቪዲዮ ጥሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ሠርቷል» ብላ ጻፈች። ሃያ ደቂቃ ሠርቷል፤ ውሸት አይደለም አለች ለራሷ። ደግሞስ በቤት ዕቃ ላይ ድልድይ ጭኖ ማጭበርበር የጀመረው ሃይሰም አይደል?

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ አባቷ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበበ። ደረሰኙን አጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶታል፤ ጫማውንም አድርጓል። ይመለስ ካለ አሁኑኑ ሊሄድ ነው። ሃይሰም የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል።

«ሁሉንም ይሠራል ነው የምትለው» አለ አባቷ።

ባሰንት ሃይሰም እስኪጮህ ጠበቀች። መልሷን አዘጋጅታለች። ሃይሰም ግን አልጮኸም፤ አንገቱን አከከ።

«ያን ቀን የከፈትኩት የአራተኛ ዓመቶችን ፕሮጀክት ነው» አለ። «የኔም ላፕቶፕ አይችለውም። እያወቅኩ ነው... አዲስ ስለፈለግኩ ነው። ይቅርታ፣ ባሰንት። የቤቱን ሥራ ከሠራ ይቀመጥ።»

ባሰንት ደሟ ፈላ። አውቃ ነበር! ስንት ቀን ስትንገበገብ የከረመችበት ነገር ይኸው፣ በራሱ አፍ ወጣ። ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ግን የእናቷ ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

«የሃይሰም አባት! ከቀናህ ኢንተርኔቱን ሂድና ሌላ መስመር አስገባልን። ሰኞ ዕለት ሱዓድን አፏ ላይ ዘጋብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም። ‹ስለ በሽታዬ ስነግራት ሰልችቷት ዘጋችብኝ› ብላለች አሉ። እኔ! እህቴን!»

«እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ» አለ አባቷ፤ ደብተሩንም ከደነና መነጽሩን አወለቀ።

ሃይሰም አያት። ሰኞ ቤት አልነበረም፤ ምንም አያውቅም። ማንም አያውቅም። እናቷ ኢንተርኔቱን ትራገማለች፣ አክስቷ ኩዌት ውስጥ ታኮርፋለች፣ ላፕቶፑ ቤት ይቀራል። ባሰንት የተከፈተ አፏን ዘጋች። ለሃይሰም ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ላይ እንዳለ ነበር፤ አሁን ግን የትኛውንም ብትወረውር ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራሷ ነው።

«ስጠኝ እስቲ፣ አባባ» አለችና ደብተሩን ከእጁ ወሰደች። «አልጨረስኩም።»

የሰኞን ገጽ አወጣች። በዝግታ፣ ወረቀቱን ሳትጫን፣ «ሁለት ከባድ ነገር አንድ ላይ ስንከፍትበት ቀጥ ይላል። ሰኞ የቆመው በዚህ ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ለአባቷ መልሳ ሰጠችው። እሱም መነጽሩን እንደገና አደረገ።

«ምንድነው?» አለ ሃይሰም እየተጠጋ።

ባሰንት ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደች።

«እማዬ» አለች፣ «እጅሽን አድርቂና ነይ። ለአክስቴ እኔ ልደውልላት፤ መጀመሪያ ግን አንቺን የምነግርሽ ነገር አለ።»