የስኮትላንዱ ጀግና ፈረስ

ከገደሉ ሥር «ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት ሲመጣ የፊልሙ ሰዎች በሙሉ አጨበጨቡ። ሶሬቲም እነሱን አይታ አጨበጨበች።

«አቤት ሲያውቅበት! ዮዳሄ፣ ድምፁን ያዢው!» አለ ዳይሬክተሩ ኦልያድ።

ጯሂው ማቲዎስ ነው፤ ተዋናዩ። የስኮትላንድ ጀግና ሆኖ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች እያባረሩት በጭጋግ ውስጥ ይጋልባል። ስኮትላንድ ድረስ መሄጃ የሌላቸው የኮተቤ ልጆች፣ የነሐሴ እንጦጦ ጭጋጉም ብርዱም ያው ነው ብለው ወጥተዋል። ወንዶቹ ሁሉ ባለ ካሬ ቀይ ሽርጥ አገልድመዋል። ጠዋት ሶሬቲ ስታያቸው፣ «ኧረ ጉልበታችሁ በብርድ አለቀ! የናንተ ጀግና ሱሪ የለውም እንዴ?» ብላ አስቃቸው ነበር።

ፈረሱ የሷ ነው። ቡላ ይባላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጦጦ የሚመጣውን ሰው እያንሸራሸረ ቤቷን ያቆመላት እሱ ነው። ከሱ ሌላ ምንም የላትም።

ሌላ ድምፅ መጣ። የሰው አይደለም።

«ዝም በሉ!» አለች ሶሬቲ። «ይሄ ቡላ ነው። ቡላ ደህና ሆኖ እንዲህ አይጮህም።»

«እትዬ ሶሬቲ፣ እባክዎ፣ እየቀረጽን ነው» አለ ኦልያድ።

«ቅረጽ!» ብላው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ቋጠረችና ቁልቁል ወረደች።

ጭጋጉ የገዛ እጇን እንኳ አያሳያትም። ወዲያው በረዶ ወርዶ ራስ ራሷን ይቀጠቅጣት ጀመር። የባሕር ዛፍ ሥር እየጨበጠች፣ ጭቃው ሲከዳት በቂጧ እየተንሸራተተች ከሸለቆው ጎርፍ ደረሰች። ጎርፉ ገፍትሮ ጣላት። ድንጋይ እየታቀፈች ተሻገረች።

ቡላ በጎኑ ወድቋል። የፊት እግሩ ተሰብሮ ቆዳው ብቻ ነው የያዘው። ማቲዎስ ከሥሩ ተይዟል።

«እናቴ! መጡልኝ!»

«ለፈረሴ ነው የመጣሁት። ምን አደረግህብኝ?»

«ገደሉን አላየሁትም። ጋልብ አሉኝ፣ ጋለብኩ።»

ከጭጋጉ ውስጥ ጅብ ጮኸ፤ ገና ሳይመሽ። ሌላው መለሰለት።

«ጎራዴህን ስጠኝ!» አለች። ለጅቡ አልነበረም። ቡላ ከነሕይወቱ እንዳይበላ ነው።

ስትቀበለው ቀለለባት። የብር ቀለም የተቀባ እንጨት ነው።

«የፊልም እኮ ነው፣ እትዬ።»

ወረወረችው። ድንጋይ አነሳችና የቡላን ግንባር ልትመታ እጇን ሰቀለች። ቡላ ቀና ብሎ አያት። ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ።

ቡላ ልነሳ ብሎ ሲፍጨረጨር ጎኑ ትንሽ ከፍ አለ። ያኔ ማቲዎስን በብብቱ ይዛ መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። እግሩ አብጧል፤ መርገጥ አይችልም።

«ሽርጥህን ፍታ።»

«እትዬ፣ ከሥሩ ምንም አልለበስኩም...»

«ፍታ ነው የምልህ! የማላውቀው ነገር መሰለህ?»

እርጥብ ነጠላዋን ወረወረችለት። በሽርጡ የቡላን ዓይኖች ሸፈነች፤ ከአንገቱ ሥር ቋጠረችው።

«እንዳታያቸው» አለችው በጆሮው።

ከዚያ ጀግናውን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ሽቅብ ተያያዘችው። ጎርፉን ሲሻገሩ ከኋላቸው የቡላ ጩኸት ተጀመረ። ማቲዎስ ሊዞር ሲል፣ «ዞረህ ካየህ እዚሁ ነው የምጥልህ» አለችው። እሷም አልዞረችም። አፋፉ ላይ ሲደርሱ የጅቦቹ ሳቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ኦልያድ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ትወና መስሎን...»

ማቲዎስ ነጠላዋን ተከናንቦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ካሜራ አልጮኸም። ሶሬቲ ኦልያድን አልፋው ሄደች። ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና ማዳመጫ አንገቷ ላይ ወዳጠለቀችው ልጅ ዞረች።

«ዮዳሄ፣ ያ የያዝሽው ድምፅ ውስጥ ቡላ አለ?»

«አለ፣ እትዬ። ላጥፋው?»

«አሰሚኝ።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። መጀመሪያ የማቲዎስ ጩኸት መጣ። ቀጥሎ ጭብጨባው። ከጭብጨባው ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ ቡላ። እሷ ከሰማችው በፊትም ጠርቷት ኖሯል። ያኔ እሷም እያጨበጨበች ነበር።

«ወደ ኋላ መልሽልኝ» አለች።

ዮዳሄ መለሰችላት። ሶሬቲ እጆቿን ብብቷ ሥር ደበቀች።