«ኦልዌይስ»ን ያንጠለጠለው ሟች

መምህሩ የሞተው ቆሞ ሲያስተምር ነው። በግራው «አይ» የሚል ካርቶን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነርስ፣ በቀኙ «ዋሽ» የሚል ያንጠለጠለ ሹፌር፣ ሁለቱም ተማሪዎቹ፣ ቆመው ነበር። እሱ ራሱ «ኦልዌይስ» ሆኖ በሁለቱ መካከል ገባ። ጥርሱን በጣቱ ሊያሳይ አፉን ሲከፍት የወጣው ግን እንግሊዝኛ ሳይሆን አረፋ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተጋድሟል፤ ካርቶኑም በአረፋው ርሶ ደረቱ ላይ ተለጥፏል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «አፍንጮ» ይሏታል። ሬሳ አያስደነግጣትም፤ ሽታ ግን አትችልም። ወደ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን ደረጃ ሳትጨርስ የሽንት ቤቱ ግማት ተቀብሏታል። አሁን ደግሞ ከሟቹ አፍ የሚወጣው ተጨመረበት። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ደፍና ለሳጅኑ «ይህን ሽንት ቤት ማጠብ ክልክል ነው እንዴ?» አለችው።

«ከረፋዱ ጀምሮ ውሃ የለም አሉ። ከተማው ቆርጦት ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ዳይሬክተሩ።»

ሐኪሙ ነገሩን አጭር አደረገው። መምህሩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበረው፤ ድዱ ስለቆሰለ በእረፍት ሰዓት ያወልቀውና በመምህራን ክፍል ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተጨምሮበታል። ጥርሱ በመርዙ ተነክሮ የቆሰለ ድድ ላይ ተገጠመ፤ ያረጀ ልቡም አልቻለውም። መርማሪዋ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብላ አየችው። ከሥሩ የምግብ ትርፍራፊ ይዋኛል።

መርዙ የተገኘው በጽዳት ሠራተኛዋ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። የብርጭቆውን ውሃ የቀዳችውም እሷ ነች። ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ መጠበቅ ጀምሯል።

«እትዬ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ሰው የለም» አለች ሴትዮዋ። «አምስት ዓመቷ ነው። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።»

«ጥርሱ ያስጠላሽ ነበር?»

«ታዲያ ማንን አያስጠላም? ብርጭቆውን በነካሁ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል። ግን ሰው ስለቀፈፈኝ እገድላለሁ?»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። ነርሷ ካርቶኑን ገና ከአንገቷ አላወጣችም።

«ምን እየተማራችሁ ነበር?»

«የጊዜ ቃላትን። እኛ ‹ሁልጊዜ›ን መጀመሪያም መሐልም ያሻን ቦታ ነው የምንጥላት። እንግሊዝኛ ላይ ግን በባለቤቱና በግሱ መካከል ትግባ ይሉናል። እንዳንረሳው ብለው ያሰልፉናል። አንዱ ባለቤት ይሆናል፣ አንዱ ግስ፤ የጊዜው ቃል በትከሻው እየገፋ መካከል ይገባል።»

«ዓረፍተ ነገሩስ?»

«‹አይ ኦልዌይስ ዋሽ ማይ ቲዝ›፤ እኔ ሁልጊዜ ጥርሴን አጥባለሁ ማለት ነው። ውሸት ያለበት ምሳሌ አይወዱም ነበር። ያልሆነውን ከተናገርን ያስቀምጡናል።»

«እውነትም ያጥበው ነበር?»

«ጥርሱን ከብርጭቆው ሲያወጡ በቧንቧ ያለቀልቁታል። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለከተች። ውሸት ክፍሉ የማያስገባ ሰው ውሸት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሞቷል። ዛሬ አላጠበውም፤ ቢያጥበው ኖሮ አይሞትም ነበር።

ወደ መምህራን ክፍል ገባች። የመታጠቢያው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ጠብታ ግን የለውም። ሰውየው ሞክሯል። ተማሪዎቹ እየጠበቁት ስለነበር ጥርሱን እንደነገሩ አራግፎ ገጠመው። በመስኮቱ ቁልቁል ስታይ፣ ከፎቁ ሥር ባለው ጋራዥ ሁለት ሠራተኞች በጎማ ቱቦ መኪና እያጠቡ ነው። ውሃው አስፋልቱን አልፎ ይወርዳል። እዚያው ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው።

ምክትል መምህሩን አስጠራች። ወጣት ነው፤ የሟቹን ወንበር እንደሚመኝ ራሱም አልደበቀም። ጣቶቹ በጠመኔ ተለውሰዋል፤ ሱሪው ላይ ቢያብሳቸውም አለቀቀውም።

«ይቅርታ፣ መታጠቢያ ስላጣን ነው» አለ። «በእረፍት ጊዜ እኔም፣ ዳይሬክተሩም፣ ጽዳቷም፣ ሦስታችንም እዚህ ክፍል ወጥተናል፣ ገብተናል። መምህሩ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያንቀላፉ ነበር።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ወጣቱ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ኮሪደር ላይ ዳይሬክተሩን ‹ነገ ዓረፍተ ነገር የምሠራው ባንተ ነው› ሲሏቸው ሰማሁ። ‹ዳይሬክተራችን ብዙ ጊዜ የምስክር ወረቀት ይሸጣል፤ ተማሪዎቹ ይህንን ተሰልፈው ያጠኑታል› አሏቸው። ዳይሬክተሩ ሳቁ፤ ግን ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ቢሮው በር ላይ ተቀበላት። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ እጥፋቱ ስለት ያለው ይመስላል። እጁን ሲዘረጋላት ጨበጠችው። እጁ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የሳሙና መዓዛ አለው። ፎቁ በሙሉ ሲከረፋ ውሎ ደህና ሽታ ያገኘችው አሁን ገና ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ይበልጥ ሰቀጠጣት።

«ሴትዮዋን ለምን አትወስዷትም?» አለ። «እዚህ ቤት የቀረ ነውር የለም። የሰውየው ጥርስ፣ የሽንት ቤቱ ግማት... እኔ ቆሻሻ አልወድም።»

«የግል መታጠቢያዎን ልይ?»

«ምን ሊያደርግልዎት?»

ፈቃዱን ሳትጠብቅ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ግማሽ ውሃ የያዘ ቀይ ባልዲ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሳሙና አለ። ከእሱ በላይ ግድግዳው ላይ የዚህን ፎቅ ውሃ ብቻ የሚዘጋ መዝጊያ ይታያል።

«ውሃ ስለሚጠፋ ሁልጊዜ ቀድቼ አስቀምጣለሁ» አለ ከኋላዋ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሦስቱንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበቻቸው። ነርሷና ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሙ። ለሳጅኑ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከችለት፤ እሱም ወጣ።

«በመምህሩ ደንብ እንሂድ» አለች። «እውነት ብቻ። እህቴ፣ ስለ ዳይሬክተሩ አንድ ‹ሁልጊዜ› ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ ዳይሬክተር ሁልጊዜ በቧንቧ ነው የሚታጠቡት። ባልዲ በጭራሽ አይነኩም፤ ይጸየፋሉ።»

«ባልዲሽስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አንዱን እየፈለግሁ ነው። ከቁምሳጥኔ ጠፍቷል።»

«መርዙ ከተቀመጠበት ቁምሳጥን?»

«አዎ። ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣቸው።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «በባልዲ ሰው አይታሰርም።»

«ልክ ነው፣ እንቀጥል» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ መምህሩ ሁልጊዜ ጥርሱን እንደሚያጥብ ያውቃል። ከታጠበ መርዙ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ዛሬ መጥፋት ነበረበት። ከተማው አልቆረጠውም፤ ከሥራችን መኪና እየታጠበ ነው። የዘጋው ሰው እዚሁ ፎቅ ላይ አለ። ይህች ሴት ትሆን? ሽንት ቤቱን በእጇ የምታጸዳው እሷ ነች፤ ውሃ ዘግታ ግማቱን በራሷ ላይ አታመጣም። ወጣቱ ደግሞ ጠመኔውን የሚያስለቅቅበት ውሃ አጥቶ ሱሪው ላይ ሲያብስ ውሏል። ውሃ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያወቀ፣ የሰው ጥርስና መርዝ የነካ እጁን ሳይታጠብ ደቂቃ መቀመጥ የማይችል ሰው ግን አንድ ነው። ቀድቶ አስቀምጧል፤ ባልዲውን ያነሣውም መርዙን ካነሣበት ቁምሳጥን ነው።»

በዚህ መሐል የመታጠቢያው ቧንቧ አንቋረረ፤ ሁለቴ አስነጠሰና ውሃው ተንደቀደቀ። ሟቹ ከፍቶ የተወው ቧንቧ ነበር። ነርሷ ፊቷን በካርቶኗ ሸፈነች። ሳጅኑ በአንድ እጁ ቀዩን ባልዲ ይዞ ተመለሰ፤ «መዝጊያውን ከፈትኩት፤ ያለው እሳቸው መታጠቢያ ቤት ነው። የክፍሉ ቁልፍም ያለው እሳቸው ኪስ ብቻ ነው» አለ።

«ዓይንዎንም በጨው ታጥበዋል» አለች መርማሪዋ ለዳይሬክተሩ። «ይህች ሴት ስትታሰር ቆመው ሊያዩ ነበር።»

«ምንም ማስረጃ የለሽም» አለ። ፈገግታው ግን አልጠፋም።

ሴትዮዋ ባልዲውን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «እሱ ነው! ግን ጋሼ፣ በዚህ ነው የታጠቡት?»

«ምን አለበት ታዲያ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሰማያዊው የወለል ነው። ቀዩ የሽንት ቤት ነው። የሽንት ቤቱን መጥረጊያ የምነክረው በእሱ ነው።»

ፈገግታው ተሟጠጠ። እጆቹን ከሸሚዙ አርቆ፣ የራሱ እንዳልሆኑ ሁሉ አያቸው። ከዚያም በነጭ ሸሚዙ ላይ አስታወከ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያስገባለት አልታገለም፤ «መጀመሪያ ልታጠብ፣ እባካችሁ» ብቻ ይል ነበር። የሚታጠብበት ውሃ ሁለት እርምጃ ርቆ ይፈሳል። ማንም አላቀረበውም።

«ሂጂ፣ ልጅሽ ቆማለች» አለች መርማሪዋ ለሴትዮዋ። ሴትዮዋ ሽርጧን ፈታ ወንበር ላይ ጣለችና ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

መርማሪዋ ብቻዋን ስትቀር ያ እርጥብ እጅ መዳፏ ላይ ያለ መሰላት። ሳሙና አንሥታ ቧንቧው ሥር ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች። አልወጣላትም።