የስለቷ ግልገል

ኢሊሊ ዕድሜዋን ሙሉ አብዝታ የተናገረችው ቃል ቢኖር «እንደፈለጋችሁ» የሚለው ነው። የታጨችውም በዚሁ ቃል ነው።

የሰላሁን ሽማግሌዎች ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጥተው ሶፋው ላይ ሲደረደሩ፣ አባቷ አቶ ሂርጳ ወደ ማድ ቤቱ ብቅ ብለው ምን እንደምትል ጠየቋት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል «እንደፈለጋችሁ» አለች። አልፈልግም ማለቷ ነበር። በእነሱ ቤት ግን ሴት ልጅ አቀርቅራ «እንደፈለጋችሁ» ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። አባቷ ደስ ብሏቸው ተመለሱና ቃላቸውን ሰጡ። ሠርጉ ከግንቦት ልደታ በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ።

ሰላሁን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ጨዋ ነው፤ የቧንቧ ዕቃ ይነግዳል፤ ማታ ማታ እየደወለ ስለ መጋረጃውና ስለ ሶፋው ቀለም ያማክራታል። «እንደፈለግህ» ትለዋለች። እንዲህ ያለች የማታስቸግር ልጅ ማግኘቱን ለጓደኞቹ ሁሉ ያወራል አሉ።

እናቷ ወይዘሮ ኮከቤ ደግሞ ለልደታ ማርያም የተሳሉት ስለት ነበራቸው። ምን ብለው እንደተሳሉ የጠየቃቸው ሰው የለም። ሠላሳ ሊሞላት የተቃረበች ልጅ ያለቻት እናት ሌላ ምን ትሳላለች? ኢሊሊ ትወደው የነበረው ሰው ሌላ አግብቶ ከቀረ ወዲህ እኚህ እናት ከልደታ ደጅ ጠፍተው አያውቁም። እናም ሽማግሌ በመጣ በሳምንቱ ገበያ ወርደው ጆሮዋ ላይ ነጭ ጠብ ያለባት ቀይ ግልገል ጎትተው መጡ። ለስለት ሴት ፍየል ይገዛል ወይ ብለው ጎረቤቶች ሲያጉረመርሙ «የሚከበረው የሴት ልደት አይደለም እንዴ?» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ስም እንዳይወጣላት ግን ከለከሉ። ለሚታረድ ስም አይወጣም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከብት ማክረም ክልክል ነው። ስለዚህ ጥበቃው ጋሽ ሸዋንግዛው ለወይዘሮ ኮከቤ ሲሉ ግልገሏን ኮሙናሉ ውስጥ ደበቋት፤ ነዋሪው ለበዓል በግ የሚያርድበት፣ ለድግስ ወጥ የሚሠራበት ግቢው ጥግ ያለ የጋራ ቤት ነው። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ባዶ እንዲመስለው በሩን ከውጭ ይቆልፉታል። ኢሊሊ ልትመግባት ስትገባም ይቆልፉባታል፤ ስታንኳኳ ይከፍቱላታል። እሷና ግልገሏ እዚያ የጨለመ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው ሲተያዩ፣ የታሰረችው የትኛዋ እንደሆነች አንዳንዴ ይጠፋት ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ደግነት ነው። ወይዘሮ ኮከቤ «ለእመቤቴ ከሲታ አይሰጥም» ብለው ግልገሏን ማድለብ ያዙ። የስንዴ ንፍሮ፣ የተረፈ ሊጥ፣ የደረቀ ዳቦ፣ ያገኙትን ሁሉ አበሏት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል፤ ይቺ ምስኪን ግን ልደታ ሰፈር ከመጣች ወዲህ ቅጠል አልቀመሰችም። አንድ ረፋድ ኢሊሊ ስትገባ ግልገሏ ጥርሷን እያፋጨች ቆማለች፤ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

ኢሊሊ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተክለ ሃይማኖት ወደሚገኝ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጠች። ባንኮኒው ጀርባ ፍሰሐ የሚባል ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ቆሟል። ትንፋሽ እያጠራት የፍየሌ ሆድ ተነፍቷል፣ አትበላም፣ ታቃስታለች አለችው።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አላት።

ይህን ጥያቄ ኢሊሊ ለቅሶ ቤት ተጠይቃዋለች፤ ሠርግ ቤት ተጠይቃዋለች፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ተጠይቃዋለች። አፏ በልማድ መለሰ። «ሃያ ስምንት።»

ፍሰሐ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለፍየል ትንሽ በዛ» አለ።

ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። መድኃኒት ሻጭ ደንበኛውን ከሚያየው በላይ ትንሽ ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ ጋዋኑን አውልቆ ተከተላት።

ዘይት በጠርሙስ ከአፏ ጥግ እያንቆረቆሩ፣ የፊት እግሮቿን ድንጋይ ላይ አቁመው ጎኗን እያሹ ዋሉ። በመጀመሪያው ቀን ፍሰሐ ቸኩሎ ዘይቱን ስላበዛው ግልገሏ ትን ብሏት ልታልፍ ነበር። ትምህርቱን ቢማርም ብዙ ጊዜ የሚያክመው የሀብታም ውሾችን እንደሆነ፣ ፍየል ከነካ ቆየት እንዳለ አልደበቃትም። ኢሊሊ ይህን በመናዘዙ ይበልጥ አመነችው። ንፍሮና ሊጥ እንዳይሰጣት አጥብቆ ነግሮ፣ ድርቆሽ ብቻ እንድትበላ አዝዞ ሄደ። እብጠቱ ጎደለ። በማግስቱ ተመልሶ አበጠ። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ ተቅማጥ ያዛት። ምክንያቱ የገባው ሰው አልነበረም።

ፍሰሐ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለቱንም አስገብተው ይቆልፉና በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የስሟን ትርጉም ሲጠይቃት በኦሮምኛ አበባ ማለት እንደሆነ ነገረችው፤ እሱም አበባ ከፍየል ጋር አንድ ቤት እንዴት ይቆለፍበታል ብሎ ቀለደ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለተቅማጡ ያዘዘላትን የጨውና የስኳር ውኃ ለግልገሏ በማንኪያ ስታጠጣ ጣቶቻቸው ይነካኩ ነበር፤ ሁለቱም ያልነካቸው ይመስል ማንኪያውን ያዩ ነበር።

አንድ ማታ፣ ስትድን ምን ሊያደርጓት እንደሆነ ጠየቃት።

«ለስለት ናት» አለችው።

አማርኛ አንዳንዴ ጨካኝ ነው፤ ለእመቤታችን የሚሳሉትም፣ ቢላ የሚቆርጥበትም ስሙ አንድ ነው። ፍሰሐ ሁለቱንም ሰማ። እጁ የግልገሏ ጎን ላይ እንዳለ ቆመ።

«ከዳነች ትታረዳለች። ካልዳነች እናቴ ገደ ቢስ ነው ብላ ትታመማለች» አለች ኢሊሊ። «እኔም እንደሷ ነኝ። እሷ ልደታ ዕለት፣ እኔ በሚቀጥለው እሑድ።»

መታጨቷን ያን ጊዜ ነው የሰማው። እጁን ከግልገሏ ላይ አነሳ። «ወደሽው ነው?» አላት።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ምን ትያለሽ?» ነበር የተባለችው። እንባዋ መጣ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ጋሽ ሸዋንግዛው እንዲከፍቱ በሩን አንኳኳች። ያን ሌሊት ፍሰሐን እንደምትወደው ለራሷ ነገረች፤ ለራስ መንገር ግን በር አይከፍትም።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግልገሏ ከመቼውም የባሰ አበጠች። ፍሰሐ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ የፊት እግሮቿን ኢሊሊ ጭን ላይ አድርጎ፣ እጁ እስኪዝል አሻት። ውስጧ ምን እንደሚል ለመስማት ጆሮውን ጎኗ ላይ ሲለጥፍ ግልገሏ አንገቷን ዞር አደረገችና ፊቱ ላይ ረዥም፣ የጎመዘዘ ግሳት ለቀቀችበት።

«አገሳች!» አለ ፍሰሐ ፊቱን እንኳ ሳይጠርግ። ሎተሪ የወጣለት ይመስል ነበር።

«የሚያገሳው አንበሳ ነው ብዬ ነበር» አለች ኢሊሊ፤ አለችና ሳቀች። ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነው። ላቁም ብትል እምቢ አላት። ግድግዳውን ተደገፈች፤ እሱም አብሯት ሳቀ፤ ግልገሏ በመካከላቸው ተረጋግታ ማመስኳት ጀመረች።

ከውጭ አንድ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ሰሙ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ኮከቤ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር አንድ ሣህን ንፍሮ ተደፍቷል። ሐኪሙ ሲሄድ እየጠበቁ በድብቅ ያበሏት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ኢሊሊ የሚቆጧት መስሏት ቆመች። እሳቸው ግን ያለቅሳሉ።

«የተሳልኩት ባል ስጫት ብዬ አልነበረም» አሉ። «የልጄን ሳቅ አሰሚኝ ነው ያልኳት። ሽማግሌው ሲመጣ መልሷ እሱ መሰለኝ።»

በዚያው ማታ ኢሊሊ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ እንደፈለጋችሁ ያልኩት አልፈልግም ማለቴ ነበር። አሁን በግልጽ እነግርሃለሁ። አልፈልግም።»

ወይዘሮ ኮከቤ የስለቱንና የሐኪሙን ነገር አስረዱ። አቶ ሂርጳ «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ማንንም ሳያናግሩ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ባርኔጣቸውን አድርገው ብቻቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ሲመለሱም ምን እንደተባሉ አልተናገሩም። ሰላሁን ለመጨረሻ ጊዜ ደውሎ እንዳልተቀየማት፣ ሶፋውንም ግራጫ እንዳደረገው ነገራት። ቀለሙን ራሱ መምረጡ ነበር።

አቶ ሂርጳ ግን ፍሰሐ ግቢውን እንዳይረግጥ ከለከሉ። ሂርጳ ቃሉን ያፈረሰው ለፍየል ሐኪም ብሎ ነው እንዲባል አልፈለጉም። ኢሊሊ ከአንዱ በር ብትወጣ ሌላው ተቆለፈባት። ቢሆንም ዝም አላለችም፤ ምሳ በቀረበ ቁጥር ወድጄዋለሁ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ይጎርሳሉ።

ልደታ ደረሰ። ስለት ስለት ነውና ወይዘሮ ኮከቤ ግልገሏን ከነነፍሷ ለቤተ ክርስቲያን አስረከቡ። ስለት የገባ ከብት ከቅዳሴ በኋላ ለጨረታ ይቀርባል፤ የገዛት የፈለገውን ያደርጋታል። ኢሊሊ ማየት አልቻለችም፤ ቤቷ ገብታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እናቷ ብቻቸውን ተመለሱ። አባቷ የት እንደደረሱ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የኮቴ ድምፅ ተሰማ። አቶ ሂርጳ ባርኔጣቸው ጠሞ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ገመድ እየጎተቱ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። በገመዱ ጫፍ ጆሮዋ ላይ ነጭ ጠብ ያለባት ቀይ ግልገል አለች።

«ሐኪሟን ጥሪው» አሉ። «ታማለች።»

ኢሊሊ ግልገሏን አየቻት። በሰላም ታመሰኳለች። «አባዬ፣ ደህና ናት እኮ።»

«እኔ ታማለች ካልኩ ታማለች። በርሜል ከሚያክል ሰው ጋር ተጫርቼ ነው ያመጣኋት፤ አትከራከሪኝ» አሉና ፊታቸውን ሳያሳዩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ስልኳን አንስታ ደወለች። ፍሰሐ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ታካሚ አለችህ» አለችው።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«መጣሁ» አለ።