ለሁለት የተከፈለ ኪኒን

ሁለተኛው ግልገል ሞቶ የተገኘው ማለዳ ነው። የዶሮ ማነቂያን ሰፈር በወሬ ማን ይቀድመዋል! ቁርስ ሳይቀርብ የመይሙና ስም ከመርዝ ጋር ሰፈሩን አዳርሶት ነበር።

«የእኔ ሁለቱ ሲሞቱ፣ ሦስተኛው ሲያጣጥር፣ ያንቺው ብቻ እንዴት ተረፈ?» አሉ አከራይዋ እትዬ የሺዓለም። «ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቂልኝ!»

መይሙና ለአረፋ የገዛችውን በግ በገመዱ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ተድራ የገባችው፣ ልጆቿንም የወለደችው እዚህ ግቢ ነው። አሁን የት ትውደቅ?

«ወላሂ እትዬ፣ እጄ የለበትም!»

የእትዬ ወንድም ገነነ ነገር አባሰ። «በረኪና ይዛ በጎቹ የሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ልብስ ሳጥብ የት ልቁም? ሰማይ ላይ?»

እትዬ ያስጠሯት የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር እየሩስ፣ በዚህ መሃል ደረሰች። ማንንም አላጽናናች፣ ማንንም አልተቆጣች። የሞተውን ግልገል አፍ ከፍታ አየች፤ ከመንጋጋው ሥር ያበጠውን ዳበሰች፤ የዓይኑን ቆብ ገለበጠች።

«የትል መድኃኒት ይሰጡታል?»

«እንዴታ! ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰጥቻለሁ። ዘመኔን ሙሉ ከዚያው መድኃኒት ሌላ አላውቅም።»

«ሣሩስ?»

«ከጓሯችን ነዋ» አለ ገነነ። «የበጎቹን በጠጥ እየደፋንበት እንዴት እንደለመለመ ብታዪው!»

«እትዬ፣ ኪኒኑን ሲሰጡ እስቲ ያሳዩኝ።»

እትዬ ከመቀነታቸው አንድ ኪኒን ፈትተው በጥርሳቸው ለሁለት ከፈሉት። «አንዱ ለሁለት በግ ነው። የመይሙናም በግ ሁልጊዜ ይካፈላል። የጎረቤቴን ትቼ የራሴን ብቻ ላጠጣ? ነውር አይደለም እንዴ?»

መይሙና አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፤ በየዓመቱ እንዲህ ነበሩ።

ዶክተሯ የግልገሉን ጨጓራ ከፍታ ሁሉንም ጠራች። ክር የመሰሉ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«በረኪና ቢሆን አፉ በተላጠ ነበር፤ አፉ ደህና ነው። የዓይኑ ቆብ ግን ነጭ ነው፤ ደሙ አልቋል። ደሙን የጠጡት እነዚህ ናቸው። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ወስዶ ትሎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ለምን? ግማሽ ኪኒን ደካማውን ትል ገድሎ ብርቱውን ይተወዋል። የብርቱው እንቁላል ከበጠጡ ጋር ጓሮ ይደፋል፤ ተፈልፍሎ ከሣሩ ጋር ሆድ ይገባል። ዓመት ከዓመት እንዲህ ሆኖ አሁን ሙሉ ኪኒንም አይበግረውም።»

«የእሷስ በግ?» አለ ገነነ፣ ድምፁን ቀንሶ።

ዶክተሯ የመይሙናን በግ የዓይን ቆብ ገለበጠች። ነጭ ነው። «ጎረምሳ ስለሆነ ቆየ እንጂ አልተረፈም።»

መይሙና በጓን አቀፈች። እትዬ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ ጉዴ! በገዛ እጄ!»

ዶክተሯ ከቦርሳዋ ሌላ ዓይነት ኪኒን አወጣች። «የያዝኩት ይቺን ብቻ ነው፤ የምትበቃው ለአንድ በግ ነው።» ገነነ ሌላ ሊፈልግ ወደ ፒያሳ ሮጠ።

እትዬ ኪኒኗን ተቀበሉ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ጥርሳቸው ሄደ።

«እትዬ!» አለች ዶክተሯ።

ደነገጡ። ጥግ የተኛውን ግልገላቸውን አዩት፤ አንገቱን ማንሳት አቅቶታል። ከዚያ ተንበርክከው ኪኒኗን ሙሉዋን የመይሙና በግ አፍ ውስጥ ከተቱ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

መይሙና ሄዳ የእትዬን ግልገል ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ገነነ ከፒያሳ ሳይመለስ ግልገሉ እዚያው ጭኗ ላይ ሞተ።