በጉሙ ውስጥ የተሰማው አቤት

«ኧረ ያምሮት! አረሙን ትተሽ ሽንኩርቱን እየነቀልሽ'ኮ ነው!»

ያምሮት እጇን አየች። እውነቱን ነው፤ ጭቃ የያዘ ለጋ የሽንኩርት ችግኝ ጨብጣለች። ዘሚካኤል እየሳቀ ነጠቃትና መልሶ ተከለው።

«አንቺስ ከሩጫ በቀር ሌላ አይሆንልሽም» አላት። «እኔም ወገቤ ተቆረጠ። ቡሬ ድረስ ሩጥ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዘሚካኤልና ያምሮት የፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ሩጫ ቡድን አባላት ናቸው። በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ቡድኑ ልምምዱን ትቶ የሰፈሩ ሴቶች በጋራ የሚያለሙትን የአትክልት ቦታ ሊያርም መጥቷል። ቦታውን የሚመሩት እትየ አስካለ ማርያም ከነሐሴ ወዲህ መኮትኮቻ አልነኩም። ልጃቸው ሥርጉት በነሐሴ ሞታለች። እሷም የቡድኑ ሯጭ ነበረች።

አሠልጣኙ ቲቸር ባምላኩ ከአጥሩ ውጭ ብቻውን የውሃ ቦይ ይጠርጋል። እትየ አስካለ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከልክለውታል። በለቅሶውም ቀን «ልጄን ጥሏት ሄደ» ብለው ከድንኳኑ አስወጥተውት ነበር።

በነሐሴ ንጋቱ ሁሉ ጉም ነው። ከፊት የሚሮጠው ከኋላ ያለውን አያይም። ስለዚህ ቲቸር በየመታጠፊያው ስማቸውን ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት!» ይላል። አንድ ሰው ዝም ካለ ሁሉም ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሥርጉት በሞተችበት ቀን ንጋት እሷና ያምሮት ከሁሉም ኋላ ነበሩ።

«ደከመኝ በቃ» አለች ሥርጉት። «በአቋራጭ ወንዙን ተሻግሬ ከፊት እጠብቃችኋለሁ። ሲጠራኝ አንቺ አቤት በይልኝ፤ ድምፃችን እንደሆነ አንድ ነው።» ሳቋን በመዳፏ አፍና ጉሙ ውስጥ ገባች።

ያምሮት በሦስት መታጠፊያ ሦስት ጊዜ በሥርጉት ድምፅ «አቤት» አለች።

ሥርጉትን ከሁለት ቀን በኋላ ከታች ከወንዙ ድልድይ ሥር ሞታ አገኟት። አንድ እግር ጫማዋ ግን ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት ባለው መሻገሪያ ላይ ቀርቷል፤ ወንዙ የወሰዳት እዚያ ነው ማለት ነው። ቲቸር «ሦስት ጊዜ ጠርቻት ሦስት ጊዜ መልሳልኛለች» ቢል ማን ይመነው? ሰምተናል ያሉት ልጆችም «አስጠንቷቸው ነው» ተባሉ። ያመኑት ደግሞ የባሰ አወሩ፤ የመለሰችለት ነፍሷ ናት አሉ። ያምሮት ስትጠየቅ «ጉም ነበር፤ ምንም አላየሁም» ብላለች።

ከዚያ ወዲህ ቲቸር ስም አይጠራም። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ያምሮትም ቤት ስትጠራ «አቤት» ማለት ትታለች፤ ዝም ብላ ሮጣ ትሄዳለች። ከአፏ የሚወጣው ድምፅ የእሷ ይሁን የሥርጉት መለየት አቅቷታል።

እትየ አስካለ መጥተው ከመደቡ ዳር ተቀመጡ።

«እንዴት ነሽ ልጄ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ይጠይቁኝ እትየ።»

«ከልጄ ጋር ከኋላ ነበርሽ። ያ ሰውዬ ሲጠራት፣ አቤት ስትል ሰምተሻል?»

ያምሮት አረም መንቀሏን አቆመች። ሰምቻለሁ ብትል ቲቸር ነፃ ይወጣል። አንድ ቃል ብቻ ነው። ደግሞስ ድምፁን ሰምታ የለ?

«ከሰማሽው» አሉ እትየ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጫማዋ የትም ይውደቅ የት፣ እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ልጄ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። በዚያ ልጽናና ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለች ያምሮት።

«ምኑን?»

«አቤት ያልኩት። ሦስቱንም እኔ ነኝ። በይልኝ ብላኝ ነው፤ በወንዙ በኩል ሄደች።»

እትየ አስካለ አልጮሁም። ደረታቸውንም አልመቱም። ከሽንኩርቱ ቅጠል ላይ አፈሩን በጣታቸው እያራገፉ ቆዩ።

«ዝም ብትይ ኖሮ ይመለሱ ነበር?»

«ይመለሱ ነበር።»

«ገና ከመጀመሪያው መታጠፊያ?»

«አዎ እትየ።»

ከወዲያ ማዶ ዘሚካኤል አንድ ነገር ተናገረና ልጆቹ ሳቁ። እትየ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ተነሺልኝ» አሉ። «አሁን ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ያምሮት ተነሳች። ከአትክልቱ ቦታ በር ወጣች። በቀኝ በኩል ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ባዶ ነበር፤ ብትሮጥ ማንም አይደርስባትም። ወደ ግራ ታጥፋ አጥሩን ተከትላ ሄደች።

ቲቸር ባምላኩ ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ምነው ያምሮት፣ ደከመሽ እንዴ?»

«አይ ቲቸር። አካፋውን ያስቀምጡትና ትንሽ ይቀመጡ፤ የምነግርዎት ነገር አለ» አለች፤ እሷም ከቦዩ ዳር ተቀመጠች።