በሦስት ስክሪን ላይ የቆመች ሙሽራ

ኢንስፔክተር ታየች ደባርቅ ስትደርስ ኢልያስ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በእስልምና ሬሳ አያድርም፤ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ቢሻውም ፎቶ አንሥቶ ሲያበቃ «ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» ብሎ ለቤተሰቡ አስረክቧል። ጥፋተኛም አላጣለትም። የሟቹን ኮምፒውተር በዋዜማው ፈታትቶ የገጠመው የጎንደሩ ጠጋኝ ህሩይ ታስሯል። ታየች ከጎንደር የተላከችው አለቆቿ ነገሩን ተጠራጥረው አይደለም። የህሩይ አባት መሪጌታ ኃይለ ማርያም የፖሊስ መምሪያው በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አልነሣም ስላሉ ነው። እሳቸውንም በፖሊስ መኪና ይዛቸው መጣች።

ታየች ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት። ማልቀስ ከተወች ቆይታለች፤ መደንገጥም እንዲሁ። ባልደረቦቿ ልቧ ደንዝዟል ይሏታል፤ እሷም አትክድም። የደነዘዘ ልብ ዓይንን አያስለቅስም፤ ያላለቀሰ ዓይን ደግሞ ደህና አድርጎ ያያል። እስካሁን ሥራዋን የሠራችው በዚህ ነው።

የኢልያስ መሥሪያ ክፍል ከመኖሪያ ቤቱ ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ኢልያስ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነበር። የደባርቅም የአዲ አርቃይም ሙሽሮች በእጁ አልፈዋል። ከዱባይ ያስመጣው ኮምፒውተር በአካባቢው አቻ የለውም ይባልለታል፤ ሦስት ስክሪን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ይሁንና ከጥቅምት ጀምሮ አንድ አመል አውጥቷል። በሥራ መካከል ድንገት ድርቅ ይላል፤ ምስሉ ይቆማል፣ ማውዙ አይንቀሳቀስም፣ ባለሙያዎቹ እንደሚሉት «ስታክ ያደርጋል»። አንድ ቀን ደህና ውሎ ያድራል፣ በማግስቱ ደግሞ ይለግማል። ህሩይ ከጎንደር ይመላለስ የነበረው ለዚሁ ነው።

«ሲገኝ እንዴት ነበር?» አለች ታየች።

«ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ» አለ ሳጅን ቢሻው። «ሦስቱም ስክሪን በርተዋል። አንዲት ሙሽራ እጇን ወደ ኬኩ እንደዘረጋች ቆማለች።»

«መብራቱ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።»

«ከቆጣሪው ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይዘኝ ብዬ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር።»

ታየች መስኮቱን አየችው። በጠርዙ ዙሪያ የተቀደደ ፕላስተር ተንጠልጥሏል። የጥር ብርድ በደባርቅ ምን እንደሚመስል ሳጅኑ ከሷ ይበልጥ ያውቃል፤ ግን ሌሊቱን መስኮት ከፍቶ ስለሚሠራ ሰው ምንም ሐሳብ አልመጣለትም። ዝቅ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ተመለከተች። በፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ሳጥን አጠገብ፣ በሙቀት ቀለጥ ያሉ ሦስት ትናንሽ ክቦች አሉ። ቀጥላ አንዱን ጣቷን የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሌላውን አየር በሚስበው በሳጥኑ ወንፊት ላይ አሻሸች። የመስኮቱ አቧራ የመንገድ አፈር ነው፤ ቡናማ። የሳጥኑ ግን ነጣ ያለና የላመ ነበር። ሳጅን ቢሻው ሁለቱን ጣቶች ቢያይም አቧራ አቧራ ነው ብሎ አለፈው።

ህሩይ ከታሰረበት ክፍል ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ፍርሃቱም አልቆበታል። መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ዓመት እንደሚፈረድበት ነው። ታየች አላውቅም ብላው ስለ ማሽኑ ጠየቀችው፤ ያኔ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ራሙን ቀይሯል፣ ግራፊክስ ካርዱን ቀይሯል፣ በመጨረሻም ፓወር ሰፕላዩን። ፎርማትም አድርጎታል። አንድ ጊዜ ጎንደር ወስዶ ሳምንት ሙሉ ሳያጠፋው አሠርቶት ምንም አላለም።

«አንተ ፊት ቆሞ ያውቃል?»

«አንድም ቀን። እኔ ስመጣ ደህና ነው፤ ስሄድ በዚያው ምሽት ይደውልልኛል።»

«የሚቆመው ማታ ማታ ነው?»

«ሲመሽ ነው ይለኝ ነበር። ቀን ለቀን ችግር የለበትም።»

«አጠገቡ ምን እንዳይኖር ነግረኸዋል?»

«ውኃ፣ ምግብ፣ እሳት። ስለ እሳቱማ ተቆጥቼዋለሁ፤ ሳቅ ብሎ እሺ አለኝ። ሁሉንም ሞክሬ ሲያቅተኝ የቀረው የመንገዱ አቧራ ነው አልሁ። በመጨረሻ የመጣሁ ቀን መስኮቱን በፕላስተር አሸግሁት፤ በበሩም ሥር ጨርቅ ወተፍሁ።»

ታየች ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ሬሳውን ያጠቡት አያ ዐብዱልከሪም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በእጁ ላይ የቃጠሎ ምልክት አይተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው የለም አሉ፤ መላ ሰውነቱን በእጃቸው አጥበዋልና ቢኖር አያመልጣቸውም። ይልቅ ከንፈሩና ጥፍሩ ከሕያው ሰው ይበልጥ ቀልቶ እንደነበር ነገሯት። «ሸጋ ሞት ነው የሞተ፤ የጀነት ምልክት ነው» አሏት። ታየች ያ ቅላት የምን ምልክት እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ግን እምነታቸውን አልነካችባቸውም።

የሟቹ ሚስት ፈትሂያ በለቀስተኛ መካከል ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ የሚሏትን ትመልሳለች፣ የሚሰጧትን ትቀበላለች፣ ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ እራቱን እንዳደረሰችለትና ተመልሳ እንደተኛች ተናገረች። ሥራ ሲበዛበት እዚያው ፍራሽ ላይ ስለሚያድር አለመምጣቱ አላሳሰባትም። ጠዋት ሥራ ቦታውን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ያገኘው ታናሽ ወንድሙ አሊ ነው። አሊ እህል ነጋዴ ነው፤ ወደ አዲ አርቃይ ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ ወንድሙን ሰላም ብሎ ያልፋል። አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ታየችንና ፈትሂያን እያየ ነበር።

ታየች ልትነሣ ስትል ፈትሂያ ወደ ጎረቤቷ ዞር አለች። «ማንደጃዬን ያየ የለም?» አለች። «ለለቀስተኛው ሻይ የማፈላበት አጣሁ። ቤት በሰው ሲሞላ ዕቃ ይጠፋል።»

«ተይው፤ ሌላ አመጣልሻለሁ» አለ አሊ፤ የተጠየቀችው ጎረቤት አፏን ሳትከፍት።

ታየች ዓይኗን ከፈትሂያ ላይ አንሥታ እሱ ላይ ጣለችው። እሱም ምድር ምድር አየ።

የአሊ የጭነት መኪና ከግቢው ጀርባ ቆማለች። ታየች ሸራውን ግለጠው አለችው። አልገለጠም፤ መኪናው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የት ነበር ማንደጃው?»

«እግሩ ሥር። አመድ ሆኖ ነበር፤ ግን ይሞቅ ነበር።»

«ፕላስተሩን የቀደድኸው አንተ ነህ።»

«እኔንም ራሴን ሲያዞረኝ ጊዜ ገባኝ። መስኮቱን ከፈትሁና ማንደጃውን በጆንያ ጠቅልዬ አወጣሁት።»

«ምነው ደበቅኸው?»

«ያስገባችው እሷ ናት» አለ አሊ። «ሞቱንስ አላህ ያመጣው ነው። ባሌን በእጄ ገደልሁ ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ ትኑር?»

«ህሩይስ?»

«ማስረጃ የለ፤ ይፈታል ብዬ ነበር።»

«ሰው ያለ ማስረጃ ቶሎ የሚፈታበትን አገር ንገረኝና እኔም እዚያ ልቀጠር» አለች ታየች።

ያኔ ለመናት። ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ ብሎ እንደሚፈርም፣ ፈትሂያ ግን እንዳትሰማ። ታየች እምቢም እሺም አላለችውም። ህሩይን በወረቀት ብቻ ብትፈታው ከተማው ገዳይ ማለቱን እንደማይተው ታውቃለች። ሁሉም ባለበት፣ በግልጽ መነገር አለበት። ለፈትሂያ አላዘነችም ማለት አይቻልም፤ አዝናለች። ግን ሐዘኗ ሥራዋን አላስተዋትም፤ ይህም ስለ ራሷ ከማትወደው ነገር አንዱ ነው።

ከቀትር በኋላ ሁሉም በጠባቧ ክፍል ተሰበሰቡ። ፈትሂያ ኢልያስ ፍራሹን ጥግ ላይ የሚዘረጋበት ቦታ ተቀመጠች። አሊ በሩን ተደግፎ ቆመ። አያ ዐብዱልከሪምና መሪጌታ ኃይለ ማርያም በአንድ አግዳሚ ላይ፣ አንዱ መቁጠሪያቸውን፣ አንዱ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ታየች በሩም መስኮቱም ወለል ተደርጎ እንዲከፈት አዘዘች። የህሩይ ካቴና ተፈታለትና ማሽኑን አስነሣ፤ የመጨረሻው ሰርግ በሦስቱ ስክሪን መሄድ ጀመረ። ከዚያ ሳጅን ቢሻው የቀላ ከሰል የሞላበት ባለ ሦስት እግር ማንደጃ ይዞ ገብቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። እግሮቹ በሦስቱ ክቦች ላይ ልክ ዐረፉ።

«ተገኘ እንዴ?» አለች ፈትሂያ።

ታየች መናገር ጀመረች።

«ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ እጁን ባቃጠለው ነበር። አያ ዐብዱልከሪም አጥበውታል፤ ቃጠሎ የለም። እኔም መብራቱን አስለቅቄ ሳጥኑን በቴስተር ነክቼዋለሁ፤ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ የለውም። ስለዚህ ህሩይ ያበላሸው ነገር የለም። እንግዲህ የሚቀረው ማሽኑ ለምን ይቆም እንደነበር ማወቅ ነው፤ ለምን እንደሚቆም ያወቀ፣ ሰውዬው ለምን እንደሞተ ያውቃል።

«ማሽኑ ጎንደር ሲሄድ ደህና ነው። ቀን ደህና ነው። ህሩይ ፊት ደህና ነው። የሚቆመው እዚህ፣ ብርዱ ሲጠና ነው። ወንፊቱ ላይ ያለው የመንገድ አቧራ አይደለም፤ አመድ ነው። ማሽኑ ለመቀዝቀዝ አየር ይስባል፤ የሚስበው ግን ከማንደጃ ላይ የሚነሣ ትኩስ አየር ነበር። ህሩይ ሊመጣ ሲል ኢልያስ ማንደጃውን ያወጣዋል፤ እሳት እንዳታስጠጋ ብሎ ተቆጥቶታላ። ሐኪም ሲመጣ የሚያመውን እንደሚደብቅ ሰው ነው። ስለዚህ ህሩይ ዕቃ እየቀየረ ኖረ። በመጨረሻ አቧራ ነው አለና ክፍሉን አሸገው።»

ህሩይ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አነሣ። የገባው ያኔ ነው፤ አባቱም ልጃቸውን አይተው ገባቸው።

«ከሰል ሲነድ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል» አለች ታየች። «ከንፈርና ጥፍር የሚያቀላው እሱ ነው። መስኮቱ ባልታሸገባቸው ወራት በስንጥቁ ይወጣ ነበር። የዚያን ሌሊት መውጫ አጣ። ጠዋት አንድ ሰው መጀመሪያ ገብቶ ፕላስተሩን ቀደደ፣ ማንደጃውንም አሸሸ። ቁልፍ የነበረው አሊ ብቻ ነው። ማንደጃው ከመኪናው ተገኝቷል።»

ይህን ስትል በሦስቱ ስክሪን የነበረችው ሙሽራ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። ህሩይ ማውዙን ወዲያ ወዲህ አለው፤ አልተንቀሳቀሰም። በደባርቅና በጎንደር መካከል ሲያመላልሰው የኖረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሆነ።

«ያስገባሁትም እኔ ነኝ» አለ አሊ ከበሩ። «ማታ መጥቼ አንድጄለት ሄድሁ። ጻፉት።»

ሳጅን ቢሻው እስክሪብቶውን አነሣ። ታየች አላስቆመችውም። ሌላ ሰው እስኪናገር ጠበቀች፤ ካልተናገረም ምን እንደምታደርግ እሷም አላወቀችም።

«አንተ አይደለህም፣ አሊ» አለች ፈትሂያ። ድምጿ ለለቀስተኛ ስትመልስ እንደነበረው ያው ነው። «እኔ ነኝ። ግን ጠርቶ ነበር። ጭሱ እስኪወጣለት ደጅ ላይ ጠብቄ፣ ቀልቶ ከጠራ በኋላ ነው ያስገባሁት። የጠራ ከሰል ሰው አይጎዳም።»

ከከተማው ይህን የማያምን ቤት ጥቂት ነው። አያ ዐብዱልከሪም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ መሪጌታም እንዲሁ። ታየች ግን የጠራውም ይገድላል አለቻት፤ ለስለስ አድርጋ ብትለውም ሌላ የምትልበት መንገድ አልነበረም።

ፈትሂያ ወደ ህሩይ ዞረች። «ማሽኑ ታዲያ ምን ነበረው?»

«ምንም» አለ ህሩይ።

«ምንም?»

«ማንደጃው አጠገቡ ባይኖር አይቆምም ነበር።»

የቆመችውን ሙሽራ ትንሽ አየቻት።

«ማታ ልጠይቀው ስመለስ፣ ዛሬም ቆመብኝ፣ ሊነጋብኝ ነው ይለኛል» አለች። «በብርድ ሊያመሽ ነው ብዬ ከሰል እጨምርለት ነበር።»

ሳጅን ቢሻው ይህን አልጻፈውም። አሊ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። መሪጌታ ኃይለ ማርያም ልጃቸው ተፈትቶ አጠገባቸው ቆሞ እያለ የመጡለትን ደስታ አጡት። ህሩይ የማሽኑን ቁልፍ ተጭኖ ያዘ፤ ሦስቱም ስክሪን ጠፉ፣ የፋኑም ድምፅ ቆመ። ታየች አሊን ወደ ጣቢያ ይዛ መሄድ ነበረባት፤ ማስረጃ ደብቋል። የፈትሂያን ነገር ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። ያን ሁሉ እያወቀች ገና ከቦታዋ አልተነሣችም።

ፈትሂያ ግን ተነሣች። ማንደጃውን በሁለት ጆሮዎቹ ይዛ፣ ባሏ ሥራ ሲጨርስ ታደርግ እንደነበረው፣ ወደ ደጅ አወጣችው። ለቀስተኛው አሁንም እየመጣ ነበር፤ አንዲት ጎረቤት ማንቆርቆሪያ ይዛ ቀረበችና ሻዩን እዚሁ ላይ ልጣደው አለቻት። ፈትሂያ አይሆንም አለች። ከሰሉ ጠርቶ ነበር፤ እሷ ግን አመድ እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው።